ለምርቃት መጥተን በምርቃና እንዳንቀር



ባለፈው መንፈቅ ዓመት አንድ ወንድማችንን አጣን። አልሞተም፤ ግቢውንም አልለቀቀም። ካፌ ስንሰለፍ ከሩቅ እናየዋለን። ያጣነው ከመካከላችን ነው። መጀመሪያ የሐሙሱን ሐለቃ ተወ። ቀጥሎ የመግሪብን ጀመዓ ተወ። በመጨረሻም ለጁሙዓ ከኋላ ገብቶ፣ ኢማሙ እንዳሰላመቱ ቀድሞ መውጣት ጀመረ። ምክንያቱን የማያውቅ የለም፤ ጫት ይቅማል። እኛም ስለዚሁ ጉዳይ በፊቱም በሌለበትም ብዙ ተናገርን። ጫቱን ግን አላስተውነውም። ያስተውነው ጀመዓውን ነው።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እርሱን እያሰብን ነው። ምሳሌ አድርገን የምናመጣው ግን ከሩቅ አገር ነው፦ አንድ የአሜሪካ የፓንክ ሙዚቃ ቡድን። «አስተግፊሩላህ! በሙስሊም ተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ፓንክ ምን ይሠራል?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ሙዚቃውን ስሙ አንልም፤ ጩኸቱም ለብዙዎቻችን ጆሮ የሚመች አይደለም። ታሪኩን ግን ስሙት። ሼህም ቄስም ሳያዛቸው፣ ወላጅም ሳይቆጣቸው መጠጥንና አደንዛዥ ዕፅን በገዛ ፈቃዳቸው የተዉ ወጣቶች ታሪክ ነው። ኋላ ላይ ይህንኑ መልካም ነገር በገዛ እጃቸው ያበላሹ ሰዎችም ታሪክ ነው። ሁለቱም ለእኛ ትምህርት አላቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው። ከተማዋ ለእኛ አገር ሰው ባዳ አይደለችም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ከደርግ የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩት እዚያ ነው። አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈር፣ 18ኛው መንገድ ላይ፣ ምግብ ቤቶቻቸውን ከፍተው እንጀራችንን ለአሜሪካውያን አስተዋወቁ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዘመን መባቻ፣ ማዳምስ ኦርጋን በሚባል የሠዓሊዎች ቤት ውስጥ የከተማዋ ልጆች አዲስ ዓይነት ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ሃርድኮር ፓንክ ይባላል። በጣም ፈጣን፣ በጣም ጮክ ያለ፣ አንዱ ዘፈን ብዙ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አይጠይቅም። ጊታር መያዝና የሚናገሩት ነገር መኖር ይበቃል።

ለእነዚህ ልጆች መንገዱን ያሳያቸው ባድ ብሬንስ የተባለ የአራት ጥቁር ወጣቶች ቡድን ነበር። አባላቱ በኋላ ራስተፈሪያን ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት ካሴት ሽፋንም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም አለበት። የአገራችን ባንዲራ ቀለም በጃማይካ ዞሮ እዚያ ድረስ ሄዷል ማለት ነው።

ከተከታዮቻቸው መካከል ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን የተባሉ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ቲን አይድልስ የሚባል ቡድን ነበራቸው። ችግራቸው አንድ ነበር፦ ሙዚቃ የሚቀርብባቸው ቤቶች የሚተዳደሩት በመጠጥ ሽያጭ ነው፤ ስለዚህ ዕድሜው ለመጠጥ ያልደረሰ ልጅ በበሩ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1980 በትምህርት ዕረፍት ወቅት ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዙ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማቡሃይ ጋርደንስ የተባለው ቤት አስገባቸው፤ ሲያስገባቸው ግን መጠጥ ቀጂው እንዲለያቸው በእጃቸው ጀርባ ላይ ትልቅ የ«ኤክስ» ምልክት አደረገባቸው። «ለዚህ ልጅ መጠጥ አትሽጥ» ማለት ነው።

ልጆቹ ወደ ከተማቸው ሲመለሱ ሐሳቡን ይዘው ወደ ቤቶቹ ባለቤቶች ሄዱ። እጃችን ላይ ምልክቱን አድርጉብንና አስገቡን፤ አንጠጣም አሉ። ተፈቀደላቸው። የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሲያወጡ ሽፋኑ ላይ ያደረጉት ፎቶ እነዚህኑ ምልክት ያለባቸውን የተጣመሩ እጆች ነው። የመከልከል ምልክት የነበረው የክብር ምልክት ሆነ። ያንን ሸክላ የሚያሳትምላቸው ድርጅት ስላልነበረ ከየዝግጅቱ ባጠራቀሟት ገንዘብ ዲስኮርድ የሚባል የራሳቸውን አሳታሚ አቋቋሙ፤ ሽፋኑን በእጃቸው እያጠፉ፣ በሙጫ እያጣበቁ ሸጡ።

ቲን አይድልስ ሲበተን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 መጨረሻ ላይ፣ ማካይና ኔልሰን ከላይል ፕሬስላርና ከብራያን ቤከር ጋር ሆነው ማይነር ትሬት የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ስሙ ሁለት ትርጉም አለው፤ «ትንሽ ስጋት» ማለትም ነው፣ «ለአካለ መጠን ያልደረሰ ስጋት» ማለትም ነው። በ1981 ስትሬት ኤጅ የተባለች አንዲት አጭር ዘፈን አወጡ። አንድ ደቂቃ እንኳ አትሞላም። ሐሳቧ ቀላል ነው፦ አእምሮን ሳያደነዝዙ መኖር ከሌላው አያሳንስም፤ እንዲያውም ብልጫ ነው። ከዚያች ዘፈን በኋላ በአሜሪካና በአውሮፓ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች መጠጥ፣ ሲጋራና ዕፅ አንነካም ብለው ራሳቸውን በዚያ ስም ጠሩ። በእጃቸው ላይም ያንን ምልክት በገዛ እስክሪብቷቸው ሣሉ።

ማይነር ትሬት ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ በ1983 ተበተነ። ፍሬው ግን አልተበተነም። ብራያን ቤከር በ1985 ዳግ ናስቲ የሚባል ቡድን መሥርቶ ያንኑ ፍጥነት ከዜማ ጋር አዋሐደው፤ ዛሬ ዜማዊ ሃርድኮር የሚባለው መስመር ከምንጮቹ አንዱ እርሱ ነው። ማካይ በበኩሉ ፉጋዚ በተባለው ቀጣይ ቡድኑ የመግቢያ ዋጋን 5 ዶላር አካባቢ አድርጎ፣ በሩን ለማንኛውም ዕድሜ ከፍቶ ለዓመታት ሠራ።

እነዚህ ልጆች ምን ስላደረጉ ተሳካላቸው? እኛ ሦስት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ «አትጠጣ» ከማለታቸው በፊት የሚሠራ ነገር ነበራቸው። መለማመጃ ነበራቸው፣ ጉዞ ነበራቸው፣ የሚያጣብቁት የሸክላ ሽፋን ነበራቸው። ሁለተኛ፣ ብቻቸውን አልነበሩም። ከአሥር ጓደኛ ዘጠኙ የማይጠጣ ከሆነ የማይጠጣው ሰው ጨዋታ አይጎድልበትም። ሦስተኛ፣ የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ነበር። «እኔ ይህን አልፈልግም» የሚል ሰው ይሰማል። «አንተ የረከስክ ነህ» የሚልን ሰው ግን ማንም አይሰማም።

ሦስተኛው ነገር ሲጠፋ የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ማካይ ገና በጠዋቱ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይታየው አልቀረም። በ1983 አንዱን ዘፈን እንደገና ሲቀርጹ፣ ይህ ለሌላው ሰው የማወጣው ደንብ አይደለም የሚል ንግግር ጨመረበት። ሁሉም አልሰማውም። ዓመታት ሲያልፉ ምልክቱ አጥር ሆነ። በ1990ዎቹ በሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ አንዳንድ ስትሬት ኤጅ ነን ባዮች የሚያጨስና የሚጠጣ ሰው ሲያዩ እስከ መደብደብ ደረሱ፤ የከተማዋ ፖሊስም እንደ ወሮበላ ቡድን ይከታተላቸው ጀመር። አስቡት፤ መጠጥ ሰውን ጠበኛ ያደርጋል ብለው የሸሹ ልጆች ሳይጠጡ ጠበኞች ሆኑ። ያሰከራቸው ራስን ማመጻደቅ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

አብዛኞቻችን የቦረና፣ የወግዲ፣ የከለላ፣ የለጋምቦ፣ የሳይንት ልጆች ነን። ጫትን ያወቅነው ከሱስ በፊት በሐድራ ነው። ሽማግሌዎቻችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ቡናው እየፈላ፣ አንዱ መንዙማ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል፣ ድቤው ሲመታ ሰምተን ነው ያደግነው። ዝናብ ሲቀር ዱዓ ይደረጋል፤ ሰው ሲታመም ዱዓ ይደረጋል፤ ልጅ ለትምህርት ሲላክም ዱዓ ይደረጋል። እኛም ዱዓ ተደርጎልን ነው ወደዚህ የመጣነው። በዚያ መጅሊስ ጫት ነበር፤ በነገሩ ላይ ዑለማዎቻችን እንደሚለያዩ የታወቀ ነው። ያወገዙ አሉ፣ ለዒባዳ መንቂያ ነው ያሉ አሉ። እኛ የፈትዋ ባለቤቶች አይደለንምና በዚያ አንገባም።

አንድ ነገር ግን ፈትዋ ሳይጠየቅበት ይታያል። ከሐድራው ይዘን የመጣነው ጫቱን ብቻ ነው። ሼሁን እዚያው ተውናቸው፤ ዱዓውንም፣ መንዙማውንም፣ ሰዎቹ የተሰበሰቡበትንም ጉዳይ ተውነው። ዶርም ውስጥ በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ፣ ሶላት እያለፈ የሚቃመው ጫት ከአባቶቻችን መጅሊስ ጋር ስሙ እንጂ ሌላ የሚያገናኘው የለም። «የወሎ ባህል ነው» የሚለው ማመካኛ እዚህ ላይ አይሠራም።

ነገሩ የሚጀምረው በፈተና ሰሞን ነው። ፋይናል ሲደርስ «ለንባብ ነው» ይባላል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ለጥቂት ሰዓት ያነቃል፤ ከዚያ መንፈስን ጥሎ ይሄዳል፤ እንቅልፍንም ይነሳል። ሌሊቱን በምርቃና ያነበበ ሰው ጠዋት ፈተና ክፍል ሲገባ ያነበበውን ሳይሆን ያላነበበውን ያህል ይሆናል። ከዚያ ምርቃናውን መስበሪያ ይፈለጋል፤ «ጨብሲ» የሚባለው ይመጣል። ጫት ላይ ዑለማ ይለያይ ይሆናል፤ በአስካሪ መጠጥ ላይ ግን ክርክር የለም። በመጨረሻ ከቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ለጋምቦ ብርድ ላይ ገብስ አጭደው፣ በግ ሸጠው የላኩልን ገንዘብ ነው።

እንግዲህ እኛ ጀመዓዎች ምን አደረግን? ስለ ሌላ ከመናገራችን በፊት ስለ ራሳችን እንናገር። ያንን ወንድማችንን ቅጽል ስም አወጣንለት። ሐለቃ ላይ ስለ ሱስ ሲነገር ዞር ብለን አየነው። ጀርባውን ሲሰጠን ሳቅን። አንድ ቀን እንኳ «ሌሊት እንቅልፍ ስለማይወስድህ ነው ወይስ ስለ ፈተናው ሰግተህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። የሚቅሙት ልጆች ግን ጠየቁት፤ ቦታ ለቀቁለት፤ ሻይ ቀዱለት። እኛ በር ላይ አቁመነው እነርሱ ውስጥ አስቀመጡት። ታዲያ ወደ ማን ይሂድ?

ሶልት ሌክ ሲቲ ሩቅ ነው ብለን አንታለል። በዱላ አልመታነውም፤ በምላስ ግን መትተነዋል።

ነቢያችን ﷺ ዘንድ የነበረውን እናስታውስ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩን ﷺ የሚያስቅ አንድ ሰው ነበር፤ በመጠጥ ምክንያት ተይዞ ደጋግሞ ይመጣ ነበር፤ ቅጣቱም ይፈጸምበታል። አንድ ቀን ከተቀመጡት አንዱ ረገመው። ነቢዩ ﷺ ግን እንዳይረግመው ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ልብ እንበል፦ ቅጣቱ አልተነሳም፣ ሐራሙ ሐላል አልተባለም። ሰውየው ግን ከመካከላቸው አልተጣለም። የአስካሪ መጠጥ ክልከላ ራሱ በአንድ ቀን አልወረደም። መጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ፤ በመጨረሻ ፈጽሞ ተከለከለ። ያ የመጨረሻው ትእዛዝ ሲመጣ የመዲና ሰዎች መጠጡን በየመንገዱ ደፉት። ልባቸው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበርና።

«ይህ ማላላት ነው፤ ዛሬ ጫት የሚቅመውን ከታገሣችሁ ነገ ሌላውን ትታገሣላችሁ» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ስጋታቸውን እንረዳለን። ግን ሁለት ነገር አንደባልቅ። ሑክምን ማላላት አንድ ነገር ነው፤ አንደበትን ማላላት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በእጃችን የለም። ሁለተኛው ግን በእጃችን ነው፤ እንጠየቅበታለንም። ደግሞስ እስካሁን በጠንካራ አንደበት ስንት ሰው አስተውን? ውጤቱን ባለፈው መንፈቅ ዓመት አይተነዋል።

ስለዚህ ወደ ሥራ እንግባ። ለጀመዓችን አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከዙህር እስከ መግሪብ ያለውን ጊዜ እንያዘው። የጫቱ ሰዓት እርሱ ነው። ባዶ ሰዓት ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ እኛ ካልሞላነው ሌላው ይሞላዋል። የጥናት ቡድን ይቋቋም፤ ከዐስር በኋላ ኳስም ይኑር። ለመግባት ማንም «ትቅማለህ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅ። እህቶቻችንም የራሳቸውን እንዲያደራጁ እንጠይቃለን፤ ይህ ችግር በወንዶች ዶርም ብቻ የቀረ እንዳይመስለን።

ሁለተኛ፣ ፍሬሾችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅደማቸው። ከገጠር መጥቶ በብርዱም በትምህርቱም ግራ የተጋባ ልጅ መጀመሪያ ሻይ የጋበዘውን ይከተላል። ያ ሰው ከእኛ ይሁን። ሲኒየሮች የምታውቁትን ትምህርት አስጠኑ፤ የቆየ ማስታወሻችሁን አካፍሉ።

ሦስተኛ፣ ነሲሓ በግል ይሁን። ቅጽል ስም ይቅር። ሱሱ ሰውነቱን የያዘው ወንድም ካለ፣ ምክር ብቻውን አይበቃውምና አብረነው ወደ ክሊኒክ እንሂድ።

አራተኛ፣ ከሐድራው የተውነውን መልሰን እናምጣ። በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደ ቀበሌያችን ስንመለስ ከአንድ አዛውንት አንድ መንዙማ በፈቃዳቸው በስልካችን ቀርጸን፣ ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንደሚባል ጠይቀን እንጻፍ። መንዙማ የእኛ ሰው የተከፋበትን የተናገረበት፣ ሃይማኖቱን ያስተማረበት ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲያስገድዱ ከተቃወሙት ዑለማዎች አንዱ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ናቸው፤ እርሳቸው በአማርኛ መንዙማ የደረሱ ናቸው። አባቶቻችን በዐረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ ያቆዩልን ቅርስ አለ። የሚያነበውም የሚያዜመውም እያረጀ ነው። በመንዙማ ላይ ሐሳባችን የሚለያይ እንኳ ብንሆን፣ የገዛ አያቶቻችንን ታሪክ መመዝገብ ላይ አንለያይ። የዋሽንግተን ልጆች አሳታሚ ሲያጡ ሽፋኑን በእጃቸው አጣብቀዋል። እኛ ደግሞ ስልክ በእጃችን አለ።

ወንድሞችና እህቶች! በቋንቋችን ትምህርት መጨረስ «መመረቅ» ይባላል። ወላጆቻችንም ሲሸኙን የመረቁን በዚሁ ቃል ነው። ምርቃና ለጆሮ ለምርቃት ይቀርባል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ባዶ እጃችንን እንዳንመለስ፣ አንዳችን ሌላውን ጥሎ እንዳይሄድ አላህን እንለምን።

ያ ወንድማችን አካውንቲንግ ላይ ከሁላችን ይበልጥ ነበር። አምና ሚድ ከመድረሱ በፊት ሰሌዳ ላይ ቆሞ ያስጠናን እርሱ ነው። ዛሬ ከዐስር በኋላ ሁለት ሆነን ዶርሙ ሄደን በሩን እናንኳኳለን። አፉ ይበለን ብለን እንጠይቀዋለን። ስለ ጫት አንጠይቀውም። ያልገባን ጥያቄ ይዘን እንሄዳለን፤ እውነትም አልገባንም። ኢንሻአላህ ይከፍትልናል።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።